ክለብ ነባር ሜዳውን ትቶ ይሂድ? ደጋፊዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

አንድ የእግር ኳስ ክለብ «አዲስ ስታዲየም ልንገባ ነው» ብሎ ባስታወቀ ቁጥር በደጋፊው መካከል የሚነሡት ጥያቄዎች ከአገር አገር ብዙም አይለያዩም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ይህን መንገድ ቀድመው የሄዱ ክለቦች በደረሰባቸው ነገር ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ ይልቀቅ ወይስ አይልቀቅ?

ባለበት ሆኖ ማደስ እስከቻለ ድረስ አይልቀቅ። ካልቻለ ይልቀቅ፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አዲሱ ሜዳ የክለቡ የራሱ ይሁን። ደጋፊው ሳይቸገር ሊደርስበት የሚችል ቅርበት ይኑረው። አሮጌው ከመሸጡ በፊት አዲሱ እንደሚሠራ በፈቃድና በገንዘብ ይረጋገጥ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የእኔ ድምፅ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነው። ወደ ኋላ ተመልሰን የተጎዱ ክለቦችን ታሪክ ስናይ፣ ጉዳቱ የመጣው ከመልቀቁ ይልቅ ከአለቃቀቁ ሆኖ እናገኘዋለን።

ክለቦች ለመልቀቅ የሚያቀርቡት ምክንያት እውነት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ የደኅንነቱ ጉዳይ ደግሞ ፈጽሞ አይናቅም። በ1985 በእንግሊዝ ብራድፎርድ ከተማ፣ በቫሊ ፓሬድ ስታዲየም፣ በእንጨት የተሠራው የተመልካች መቀመጫ ጨዋታ እየተካሄደ በእሳት ተያይዞ 56 ሰዎች ሞቱ። በ1989 በሸፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ ደግሞ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ዳኛው ሎርድ ቴይለር ያቀረቡትን ሪፖርት ተከትሎ በእንግሊዝ በሁለቱ ከፍተኛ ሊጎች የሚጫወቱ ክለቦች ተመልካች የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ ወደ ወንበር እንዲለውጡ ታዘዙ። ወንበር ሲገባ የሚይዘው ሰው ቁጥር በእጅጉ ያንሳል። ሳውዝሃምፕተን ዘ ዴል የተባለውን ሜዳውን በ2001 ሲለቅ ሜዳው መያዝ የሚችለው 15 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ነበር፤ የገባበት አዲሱ ስታዲየም 32 ሺህ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ክለብ «ለምን ለቀቅህ» ብሎ መውቀስ ይከብዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። አርሰናል ከ1913 ጀምሮ በተጫወተበት ሀይበሪ 38 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ያስተናግድ ነበር፤ ዙሪያው በመኖሪያ ቤት የተከበበ፣ የመቀመጫው ፊት ለፊት ገጽታም በቅርስነት የተመዘገበ ስለነበር ማስፋት አልተቻለም። በ2006 የተከፈተው ኤምሬትስ 60 ሺህ ሰው ይይዛል። በየጨዋታው ከ20 ሺህ በላይ ተጨማሪ ተመልካች ማለት ነው።

የሚጋነነው ገንዘቡ የሚመጣበት ፍጥነት ነው። የኤምሬትስ ፕሮጀክት 390 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጅቷል፤ አብዛኛው በብድር። አርሰናል በ2005 የኤፍኤ ዋንጫን ካነሣ በኋላ ሌላ ዋንጫ ያገኘው በ2014 ነው። የዋንጫው ድርቅ ምክንያቱ ዕዳው ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ዕዳው በሚከፈልባቸው ዓመታት ግን ክለቡ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን እየሸጠ መኖሩን ማንም አይረሳውም። «አዲስ ስታዲየም ከገባን ወዲያው ከሀብታሞቹ ጋር እንወዳደራለን» የሚል የክለብ ኃላፊ ሲገጥማችሁ ይህን አስታውሱት።

ባሉበት ሆኖ ማደስ አይቻልም?

ከሚነገረን በላይ ይቻላል። ብዙ ጊዜ ጥናቱ የሚሠራው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ስለሆነ «አይቻልም» የሚለው መልስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው።

ሊቨርፑልን ተመልከቱ። ከአንፊልድ ወጥቶ በአቅራቢያው ባለው ስታንሊ ፓርክ አዲስ ስታዲየም እንደሚሠራ ለዓመታት ሲነገር ኖሮ፣ በ2010 ክለቡን የገዙት ባለቤቶች ዕቅዱን ትተው ማስፋትን መረጡ። ዋናው የተመልካች መቀመጫ በ2016 ተስፋፍቶ ተከፈተ፤ ቀጥሎ የአንፊልድ ሮድ በኩል ተሠራ። 45 ሺህ ይይዝ የነበረው ሜዳ ዛሬ 61 ሺህ ገደማ ይይዛል። ሪያል ማድሪድም በ1947 ከተከፈተው ሳንቲያጎ በርናቤው ሳይነቃነቅ ስታዲየሙን እንደ አዲስ ሠርቶታል።

ማደስ ግን ጎረቤትን ሊጎዳ ይችላል። በአንፊልድ ዙሪያ የነበሩ ቤቶች ለማስፋፊያ ተብለው እየተገዙ ለዓመታት ባዶ በመቆማቸው ሰፈሩ ተጎሳቁሎ ነበር። «በቦታችን እንቆያለን» ማለት ከጎረቤቶች ጋር በግልጽ መነጋገርን ይጠይቃል።

መካከለኛ መንገድም አለ፤ አፍርሶ እዚያው መሥራት። አትሌቲክ ቢልባኦ ከ1913 ጀምሮ የተጫወተበትን ሳን ማሜስ በ2013 ተሰናብቶ አዲሱን ሳን ማሜስ እዚያው ጎን ለጎን ገነባ። አዲሱ በከፊል አሮጌው በነበረበት መሬት ላይ ስላረፈ፣ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን አንዱ ጎን ገና ሳይሠራ በሦስት ጎን ብቻ ተመልካች ይዞ ይጫወት ነበር። ቶተንሃምም ኋይት ሃርት ሌንን አፍርሶ በ2019 ሚያዝያ እዚያው ቦታ ላይ 62 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ከፍቷል። ደጋፊው የሚወርድበት ባቡር ጣቢያና የሚሄድበት መንገድ አልተለወጠም። በእኔ ግምት ከአማራጮች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

ዋጋው ስደት ነው። ቶተንሃም በግንባታው ጊዜ ሁለት የውድድር ዘመን ሊሞላ እስኪቃረብ ዌምብሌይ ላይ ተጫውቷል። ባርሴሎና ካምፕ ኑን ለማደስ በ2023 ሞንጁዊክ ወደተባለው ስታዲየም ወጥቶ የመመለሻው ቀን ደጋግሞ ተራዘመና የተመለሰው በ2025 ኅዳር ነው። የሚነገረው የመመለሻ ቀን ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ጨምራችሁ አስቡ።

አቅም ስለሌለው ትንሽ ክለብ ሲነሣ ደግሞ ዩኒየን በርሊንን እጠቅሳለሁ። በ2008 እና በ2009 ከ2 ሺህ በላይ ደጋፊዎች በነጻ ጉልበታቸው አልተ ፎርስተራይ የተባለውን አሮጌ ሜዳ በእጃቸው ሠርተው አድሰዋል። በኋላም የስታዲየሙ አክሲዮን ለደጋፊዎች ተሸጠ። ክለቡ እዚያው ሜዳ ላይ ሆኖ በ2019 ወደ ቡንደስሊጋ አደገ።

ሜዳው የክለቡ ይሁን የሌላ፣ ያን ያህል ለውጥ አለው?

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ ግን እምብዛም አይነሣም። ስለ ጣሪያው ቅርፅና ስለ ወንበሩ ቀለም ሰዓታት እንከራከራለን፤ የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አንድ ሰው አይገኝም።

ኤቨርተን ከ1884 ጀምሮ ይጫወት የነበረው አንፊልድ ላይ ነበር። ከሜዳው ባለቤት ከጆን ሆልዲንግ ጋር በኪራይና በአስተዳደር ጉዳይ ተጣልቶ በ1892 ለቆ ጉዲሰን ፓርክ ገባ። ባዶ ሜዳ የቀራቸው ሆልዲንግ ሌላ ክለብ አቋቋሙ፤ ሊቨርፑል ማለት ያ ክለብ ነው። አንድ የኪራይ ጠብ የኤቨርተንን ታላቅ ባላንጣ ወለደ።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ኮቨንትሪ ሲቲ አለ። ከ1899 ጀምሮ የተጫወተበትን ሀይፊልድ ሮድ በ2005 ለቅቆ የሌሎች ንብረት በሆነ ዘመናዊ ስታዲየም ተከራይ ሆነ። ቀጥሎ የኪራይ ክርክር መጣ። በ2013 እና 2014 የውድድር ዘመን «የሜዳውን» ጨዋታ ኖርዛምፕተን ሄዶ ተጫወተ፤ ከ2019 እስከ 2021 ደግሞ በርሚንግሃም። የገዛ ከተማው ውስጥ ዘመናዊ ስታዲየም ቆሞ ሳለ ደጋፊው ሌላ ከተማ እየተጓዘ ቡድኑን ያይ ነበር። ክለቡ ስታዲየሙን ገዝቶ የራሱ ያደረገው በ2025 ነው፤ ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ።

«1860» የተባለው የሙኒክ ክለብ ታሪክ ይበልጥ ያሳዝናል። ከባየርን ጋር እኩል ድርሻ ይዞ አሊያንዝ አሬናን አሠራ፤ ስታዲየሙ በ2005 ተከፈተ። በዓመቱ ገንዘብ አጥሮት ድርሻውን ለባየርን ሸጠና በተቀናቃኙ ቤት ተከራይ ሆኖ ቀረ። በ2017 ወደ አራተኛ ሊግ ሲወርድ ከዚያ ወጥቶ ወደ አሮጌው ግሩንቫልደር ስታዲየም ተመለሰ። ብዙ ደጋፊዎቹ በመመለሱ ደስ ብሏቸዋል፤ የሄዱበት መንገድ ግን ክለቡን ብዙ አስከፍሎታል።

በተቃራኒው ዩቬንቱስን እዩ። ቀድሞ ይጫወትበት የነበረው ዴሌ አልፒ የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነበር፤ ወደ 70 ሺህ ሰው ቢይዝም ተመልካቹን ከሜዳው የሚያርቅ የሩጫ መም ስለነበረበት አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ ባዶ ነበር። ክለቡ በዚያው ቦታ ላይ 41 ሺህ ሰው ብቻ የሚይዝ የራሱን ስታዲየም ሠርቶ በ2011 ገባ። አነስተኛ፣ የተጠጋጋ፣ የራሱ። ትልቅ መሆን ሁልጊዜ እንደማይጠቅም ማሳያው ይህ ነው።

ባለቤትነትን በተመለከተ ከሁሉ የሚያስቀናኝ የቼልሲ ደጋፊዎች ያላቸው መብት ነው። የስታምፎርድ ብሪጅ መሬት ባለቤት ቼልሲ ፒች ኦነርስ የተባለ የደጋፊዎች አክሲዮን ማኅበር ነው። ክለቡ ከዚያ ከለቀቀ የቼልሲ ፉትቦል ክለብ የሚለውን ስም ይዞ መሄድ አይችልም። በ2011 ክለቡ መሬቱን መልሶ ለመግዛት ጠይቆ 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ አላገኘም።

አሮጌውን ሜዳ ሸጠን በገንዘቡ አዲሱን እንሥራ ቢሉንስ?

ቅደም ተከተሉን ጠይቁ። መጀመሪያ መሸጥ፣ ከዚያ መፈለግ ከሆነ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይደርሳል።

ብራይተን ከ1902 ጀምሮ የነበረበትን ጎልድስቶን ሜዳ የወቅቱ አመራር ለአልሚዎች ሸጠው፤ የሚገባበት ሌላ ሜዳ አልተዘጋጀም ነበር። በ1997 የመጨረሻው ጨዋታ ተደርጎ ቦታው የገበያ ማዕከል ሆነ። ክለቡ ሁለት ዓመት ጊሊንግሃም ድረስ እየሄደ ከተጫወተ በኋላ ዊዝዲን በተባለ የአትሌቲክስ ሜዳ እስከ 2011 ቆየ። ብራይተን ዛሬ በፕሪምየር ሊግ የምናየው ጠንካራ ክለብ ሆኗል፤ ለ14 ዓመታት ግን እውነተኛ ቤት አልነበረውም፤ ከሊጉ ጨርሶ ከመውረድም ለጥቂት ነው የተረፈው።

በቦነስ አይረስ የሳን ሎሬንዞ ደጋፊዎችም ጋሶሜትሮ ይሉት የነበረውን ሜዳቸውን በ1979፣ በወታደራዊው መንግሥት ዘመን፣ አጡ። በቦታው ሱፐርማርኬት ተሠራበት። ክለቡ በ1993 አዲስ ስታዲየም እስኪከፍት ድረስ የሌሎችን ሜዳ እየተዋሰ ኖረ። ደጋፊዎቹ ግን ቦኤዶ የተባለውን ሰፈራቸውን አልረሱም። ሰልፍ ወጡ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ በ2012 የከተማው ምክር ቤት መሬቱ እንዲመለስ የሚያስችል ሕግ እንዲያወጣ አደረጉ፤ በ2019 ክለቡ ቦታውን ተረከበ። 40 ዓመት ፈጀባቸው።

ምን ያህል ርቀት ይበዛል?

በኪሎ ሜትር የተቀመጠ ሕግ የለም። አርሰናል ከሀይበሪ ወደ ኤምሬትስ ሲሄድ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፤ የጨዋታ ቀን ልማዱ ሁሉ ሳይበተን ቀጥሏል። አትሌቲኮ ማድሪድ በ2017 ቪሴንቴ ካልዴሮንን ትቶ ወደ ከተማዋ ሌላ ዳርቻ ቢሄድም ስታዲየሙን ሞልቶታል፤ የምድር ባቡሩ በሩ ድረስ ይደርሳልና። ርቀት የሚለካው በማታ ጨዋታ ማግስት ሥራ የሚገባ ሰው ስንት ሰዓት ላይ ቤቱ ይደርሳል በሚለው ነው።

የማያጠራጥር ወሰን ግን አለ፤ ሌላ ከተማ። ዊምብልደን በ1991 ፕላው ሌንን ለቅቆ ለ12 ዓመታት በክሪስታል ፓላስ ሜዳ ተከራየ፤ ከዚያም ባለቤቶቹ በ2003 ሚልተን ኪንስ ወደተባለ ሌላ ከተማ ወሰዱት። ደጋፊዎቹ አልተከተሉም። ክለቡ ገና ሳይሄድ በ2002 ኤኤፍሲ ዊምብልደንን መሥርተው ከዘጠነኛው እርከን ጀመሩ፣ በ2011 ወደ ፉትቦል ሊግ ደረሱ፣ በ2020 አሮጌው ሜዳ በነበረበት መንገድ ላይ በሠሩት ስታዲየም ገቡ። ሜዳውና ስሙ ሲወሰድ ክለቡ ከደጋፊዎቹ ጋር እንደቀረ ይህን ያህል ያረጋገጠ የለም።

አዲስ ሜዳ የባለሜዳነትን ብልጫ ያሳጣል?

ለአጭር ጊዜ ሊያሳጣ ይችላል። ሪቻርድ ፖላርድ የተባሉ ተመራማሪ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን አሜሪካ የቤዝቦል፣ የቅርጫት ኳስና የበረዶ ሆኪ ቡድኖች ወደ አዲስ ስታዲየም በገቡበት የመጀመሪያ የውድድር ዘመን በሜዳቸው የነበራቸው ብልጫ ቀንሶ አግኝተዋል። ተጫዋቹ የለመደው ምልክት፣ የሣሩ ስፋት፣ የድምፁ አቅጣጫ ሁሉ ይለወጥበታል። ዌስትሃም በአፕተን ፓርክ የመጨረሻ ዓመቱ ሰባተኛ ወጥቶ በአዲሱ ሜዳ የመጀመሪያ ዓመት 11ኛ ሆኗል።

ይህ ግን የግድ አይደለም። ዩቬንቱስ በአዲሱ ሜዳ የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ በሊጉ ሳይሸነፍ ዋንጫ አነሣ። ቶተንሃምም ስታዲየሙን በከፈተ በሁለት ወር ውስጥ ለቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሷል። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ባልጨነቅ ደስ ይለኛል፤ ቡድን ይለምደዋል።

ድባቡስ?

ድባብ በአጋጣሚ አይመጣም፤ ይነደፋል። አሮጌዎቹ ሜዳዎች ሞቅ የሚሉት ተመልካቹ እስከ መስመሩ ድረስ ስለሚጠጋና ጣሪያው ዝቅ ብሎ ድምፁን ወደ ሜዳው ስለሚመልሰው ነው። ዌስትሃም በ2016 የገባበት ስታዲየም ለ2012 ኦሊምፒክ የተሠራ ስለሆነ ተመልካቹ ከጨዋታው ርቆ ይቀመጣል፤ ያ ቅሬታ ከሌላው ሁሉ ጋር ተደማምሮ በ2018 ከበርንሊ ጋር በተደረገው ጨዋታ ደጋፊዎች ሜዳ እስከመግባት ደርሰዋል። ቶተንሃም ደግሞ በደቡብ በኩል 17,500 ሰው የሚይዝ አንድ ወጥ መቀመጫ ሠራ፤ ዘማሪው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል።

የሩጫ መም ያለበት ስታዲየም ሲቀርብላችሁ ያለ ምንም ማመንታት እምቢ በሉ።

የቲኬት ዋጋ ይጨምራል?

ይጨምራል፤ ማደስም ቢሆን ይጨምራል። ሊቨርፑል በ2016 ከአዲሱ መቀመጫ ጋር 77 ፓውንድ የሚያወጣ ቲኬት ሲያስተዋውቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ በ77ኛው ደቂቃ ስታዲየሙን ጥለው ወጡ። ባለቤቶቹ በቀናት ውስጥ ዕቅዱን ሰረዙ። ስለዚህ የዋጋ ቃል ኪዳን ከግንባታው በፊት በጽሑፍ ይግባ።

አሮጌው ሜዳ ምን ይሆናል?

በአብዛኛው ቤት ይሠራበታል። ሀይበሪ አፓርታማ ሆኗል፤ የመቀመጫዎቹ የፊት ገጽታ ሳይፈርስ ቆይቶ፣ ኳስ ይንከባለልበት የነበረው ሣር የነዋሪዎች የአትክልት ቦታ ነው። ከፈረሱት ሁሉ በክብር የተያዘ ይመስለኛል።

ከዚያም የተሻለ የሠራው ኤቨርተን ነው። የወንዶቹ ቡድን በ2025 ጉዲሰን ፓርክን ሲሰናበትና ወደ ወደቡ ዳር ሲሄድ፣ ሜዳው ለመፍረስ ታስቦ የነበረው ተለውጦ ለክለቡ የሴቶች ቡድን ቤት ሆነ። እዚያ የብዙ ደጋፊዎች አስከሬን አመድ ተቀብሯል፤ ቦታ ስለሞላም ክለቡ ተጨማሪ መቀበል ካቆመ ቆይቷል። የእነዚያ ቤተሰቦች ጉዳይ መታየት ያለበት ቡልዶዘሩ ሳይመጣ ነው፤ ሜዳ የሚለቅ ማንኛውም ክለብ ሊያስብበት ይገባል።

ደጋፊ እውነት ማስቆም ይችላል?

ይችላል። ቻርልተን በ1985 ዘ ቫሊን ለቅቆ የሌሎች ተከራይ ሲሆን ደጋፊዎቹ መጮህ ብቻ አላደረጉም። የአካባቢው ምክር ቤት የስታዲየሙን የማደሻ ዕቅድ ውድቅ ሲያደርግ በ1990 የቫሊ ፓርቲ ብለው ተመዝግበው በአካባቢ ምርጫ ተወዳደሩ፤ 15 ሺህ የሚጠጋ ድምፅ አገኙ። ወንበር ባያሸንፉም ምክር ቤቱ ሰማቸው። በ1992 ታኅሣሥ ክለቡ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከተቀናቃኛችን ጋር አንድ ስታዲየም ብንጋራስ?

ሁለቱም እኩል ባለቤት ከሆኑና አንዱ ቢከስር ድርሻው ምን እንደሚሆን ውሉ ካስቀመጠ ይሠራል። ሚላንና ኢንተር በ1926 የተከፈተውን ሳን ሲሮን ከ1947 ጀምሮ በማዘጋጃ ቤት ተከራይነት ተጋርተው ኖረዋል፤ በ2025 የከተማው ምክር ቤት ለሁለቱ በጋራ እንዲሸጥላቸው ወስኗል። የ1860 ሙኒክ ታሪክ ግን አይረሳ።

ክለባችን ስብሰባ ጠርቶናል፤ ምን እንጠይቅ?

የአዲሱ መሬት ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ክለቡ ቢከስር ወይም ቢሸጥ ስታዲየሙ ከክለቡ ጋር እንደሚሄድ ወይም እንደማይሄድ ጠይቁ። ኪራይ ከሆነ ውሉን ራሱን ለማየት ጠይቁ፤ ማጠቃለያ ተቀብላችሁ አትሂዱ። የማደሻው ጥናት መቼ፣ በማን እንደተሠራና አዲሱን ስታዲየም የሚገነባው ድርጅት ያዘጋጀው እንዳልሆነ አጣሩ። ብድሩ በስንት ዓመት እንደሚከፈልና ቡድኑ አንድ እርከን ቢወርድ ክፍያው ከየት እንደሚመጣ ይነገራችሁ፤ ብዙ ዕቅዶች የሚሰሉት ቡድኑ ሁልጊዜ ከላይ እንደሚቆይ ተደርጎ ነው። የግንባታ ፈቃዱ እጃቸው ላይ ከሌለ የአሮጌው ሜዳ ሽያጭ በአጀንዳው ላይ እንዳይቀርብ ተቃወሙ። ድምፅ የሚሰጥ ከሆነም የመቆየትና የማደስ አማራጭ ከነወጪው በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ «አዲሱን ትፈልጋላችሁ ወይስ አትፈልጉም?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት ከመጣ፣ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀቱ እንዲለወጥ ጠይቁ።